የጎጃም ደጋ ፈረስ፤ ከጦር ሜዳ እስከ ሞፈር

የጎጃም ሰው ስለ ፈረስ የሚያውቀው ቁርጥራጭ ብዙ ነው። አንዱ የበላይ ዘለቀን የፈረስ ስም ያውቃል። ሌላው የእንጅባራን የጥር በዓል በቴሌቪዥን አይቷል። ደጋ ዳሞት ውስጥ ፈረስ ቤት የሚባል ከተማ እንዳለ የማይሰማ የለም። የእነዚህ ሁሉ ባለቤት የሆነው እንስሳ ግን ከየት ተነሥቶ እዚህ እንደ ደረሰ ሲተረክ አይሰማም፤ የጋላቢው ታሪክ ተጽፎ የፈረሱ ቀርቷል። ይህ ትረካ ፈረሱን ይከተላል። ዘመኑ ሌላ ካልተባለ በቀር በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ፈረሱ አጭር ነው። ትከሻው ላይ ሲለካ ብዙውን ጊዜ ከ1 ሜትር ከ40 ሳንቲሜትር አይበልጥም። ሰፊ ደረት፣ አጭር ጀርባ፣ ቀጫጭን ግን ጠንካራ እግር አለው። ኮቴው ብረት ሳይመታለት ድንጋይ ላይ ይውላል። አውሮፓዊ ጎብኚዎች በቁመቱ ብቻ መዝነው ሲያቃልሉት ኖረዋል፤ የጮቄን ዳገት በክረምት ጭቃ ያየ ሰው ግን እዚያ ምን ዓይነት እንስሳ እንደሚያስፈልግ ሳይነገረው ይገባዋል።

ብርድ የመረጠው እንስሳ፤ ከጥንት እስከ 1521

ፈረስ የአፍሪካ ተወላጅ አይደለም። የለመደው በአውሮፓና በእስያ መካከል በተዘረጋው የሣር ሜዳ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1600 ገደማ ግብፅ ውስጥ መታየት ጀመረ፤ ከዚያም ዓባይን ይዞ ወደ ኩሽ ወጣ። የኩሽ ነገሥታት ፈረስ ከመውደዳቸው የተነሣ በመቃብራቸው አጠገብ ፈረሶቻቸውን ያስቀብሩ ነበር። የኢትዮጵያ ደጋ በአንድ ወገን ከዚህ ሸለቆ፣ በሌላው ወገን ከቀይ ባሕር ማዶ ካለችው አረቢያ ጋር በንግድ የተሳሰረ ስለ ነበር ከሁለቱም የፈረስ አገሮች አልራቀም።

ደጋ ላይ እንዲከማች ያደረገው ግን በሽታ ነው። ፈረስ ወደ ዓባይና ወደ ብር ሸለቆ ሲወርድ የቆላ ዝንብ የሚያስተላልፈው ገንዲ ያገኘዋል። ከዚያ የሚብሰው ደግሞ የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የሚባለው ነው። ይህን በሽታ የሚያዛምቱት ሙቀትና እርጥበት የሚወዱ ጥቃቅን ተናካሽ ነፍሳት ናቸው፤ የያዘው ፈረስ በጥቂት ቀን ውስጥ ሊሞት ይችላል። ብርድ እነዚህን ነፍሳት ስለሚያዳክም ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍ የሚለው ጮቄ፣ ከሥሩ የተዘረጉት የእነሴ፣ የጎንቻ፣ የደጋ ዳሞት ሜዳዎች፣ በምዕራብ ደግሞ የአገው ምድር ለፈረስ መሸሸጊያ ሆኑ። የጎጃም ታሪክ ደገኛ ፈረሰኛና ቆለኛ እግረኛ ያለበት ታሪክ የሆነው ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል። ወደ ቆላ የሚወርድ ነጋዴ ፈረሱን ትቶ በበቅሎና በአህያ ይወርዳል።

ንጉሠ ነገሥት አምደ ጽዮን በ1309 ገደማ ዳሞትንና ጎጃምን በግዛቱ ሥር ሲያስገባ ይህ ደጋ ከመንግሥቱ ጦር ጋር ተያያዘ። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ከ1512 እስከ 1518 በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ አንድ ልማድ አስተውሏል፤ መኳንንቱ መንገድ ሲሄዱ የሚቀመጡት በቅሎ ላይ ነው፣ ፈረሳቸው ግን ባዶውን በአሽከር እየተሳበ ይከተላቸዋል። ፈረስ ጉልበቱ ለጦርነት ይቆጠብ ነበር። ይህ ልማድ እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ሳይለወጥ ዘለቀ።

ብዙ ፈረስ ግን ሁልጊዜ ድል አያመጣም። በመጋቢት 1521 ሽምብራ ኩሬ ላይ አፄ ልብነ ድንግል ያሰለፈውን የኢማም አህመድ ዜና መዋዕል ጸሐፊ 16 ሺህ ፈረሰኛ ያደርሰዋል፤ የኢማሙን ፈረሰኛ ደግሞ 560 ብቻ ይላል። አሸናፊ ጸሐፊዎች የጠላትን ቁጥር ማብዛት እንደሚወዱ የታወቀ ነው። ሆኖም ጥቂት ግን የተሰናሰለ ፈረሰኛ ከነፍጥ ጋር ሲቀናጅ ትልቅ ሠራዊት እንደሚሰብር በዚያ ቀን ታየ። ነፍጥና ፈረስ ያን ጊዜ የጀመሩት ፉክክር የሚያልቀው ከሦስት መቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ ነው።

ፈረስ ስም ሲያወጣ፤ ከ1550ዎቹ እስከ 1750ዎቹ

ቀጣዩ ለውጥ ከደቡብ መጣ። አባ ባሕርይ በ1585 ገደማ ስለ ኦሮሞ በጻፈው ድርሰቱ በፈረስና በበቅሎ መቀመጥ የጀመረው መስሌ የተባለው የገዳ ትውልድ እንደ ሆነ ይናገራል። በአንድ ትውልድ ዕድሜ እግረኛ የነበረው ሕዝብ ከአገሩ ሁሉ የላቀ ፈረሰኛ ሆነ። የሜጫ ጎሳዎች ዓባይን ተሻግረው ዳሞትና ሜጫ ሜዳ ላይ ሲሰፍሩ የጎጃም ደጋ ሁለት የፈረስ ባህል በአንድ ላይ ያዘ። መጀመሪያ ተዋጉ፤ ቀጥሎ ተጋቡ፤ በመጨረሻ የትኛው ልማድ ከማን እንደ መጣ መለየት እስኪያስቸግር ድረስ ተዋሐዱ።

ከዚህ ውሕደት የወጣው ትልቁ ነገር የፈረስ ስም ነው። ጀግናው በገዛ ስሙ መጠራቱ ይቀርና የፈረሱ አባት ይባላል፤ አባ እገሌ። ልማዱ ከኦሮሞ ፈረሰኞች ተነሥቶ በመላው የኢትዮጵያ መኳንንት ዘንድ ተስፋፋ። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ የተባሉት በዚህ ነው። የታሪክ ጸሐፊው ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል እነዚህን ስሞች ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ1969 ባያሳትሙ ኖሮ ብዙዎቹ ከሽማግሌዎቹ ጋር ይቀበሩ ነበር።

ፈረሱ በዚያ ዘመን እንዴት ይጫን እንደ ነበር ዛሬም በገጠር ከሚታየው ዕቃ መረዳት ይቻላል። ኮርቻው ከእንጨት ይጠረብና ቆዳ ይለብሳል፤ ፊቱም ኋላውም ከፍ ያለ ነው። እርካቡ ጠባብ ነው፤ ጋላቢው በባዶ እግሩ ስለሚወጣ የሚያስገባው አውራ ጣቱን ብቻ ነው። ልጓሙ የታችኛውን መንጋጋ በቀለበት የሚይዝ ከባድ ብረት ነው። በዚህ ልጓም ፈረሱ በሙሉ ግልቢያ ላይ እያለ ባለበት ይቆማል፣ ወይም በአንድ ክንድ ስፋት ዞሮ ይመለሳል። ጨካኝ ብረት ነው፤ የብዙ ፈረስ አፍ አቁስሏል። የተሠራበት ምክንያት ግን ግልጽ ነው። ፈረሰኛው ጦሩን ወርውሮ የጠላት ጦር ሳይደርስበት መመለስ ነበረበት። ዛሬ በጥምቀት ሜዳ የምናየው ጉግስ ይኸው ውጊያ ነው፤ ጦሩ በእንጨት ተተክቶ፣ ጋሻው ብቻ እንዳለ ቀርቷል። አንዱ ያሳድዳል፣ ሌላው ወደ ኋላ እያየ በጋሻ ይመክታል፤ ከዚያ ተራው ይገለበጣል።

የፋሲል ፈረስ፤ 1763

ፈረስ በጎጃም ምን ያህል ሥልጣን እንደ ነበረው የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ፤ ከዚህ ሁሉ ትረካ እኔ አብልጬ የምወደው እሱን ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1763 መጀመሪያ የዓባይን ምንጭ ለማየት ወደ ሰከላ ሲወርድ በዳሞትና በሜጫ ላይ የሠለጠነው ፋሲል ወረኛ ነበር። ፋሲል በመጀመሪያ አላመነውም። ቃላቸውም ተካረረ። በማግስቱ ለብሩስ የቀረበለት ፈረስ ያልተገራ ነበር፤ ሊጥለው ቢታገልም ብሩስ ላብ በላብ እስኪሆን ጋልቦ አስገበረው። ፋሲል ይህን ሲሰማ የአሽከሮቹ ተንኮል ነው ብሎ አዘነ፤ ፊቱም ተለወጠ።

ከዚያ የራሱን ፈረስ ከነኮርቻው ከነልጓሙ ሰጠው። ምክሩ ግን እንግዳ ነበር። እንዳትቀመጥበት፣ ባዶውን ከፊትህ ንዳው፤ ይህን ፈረስ ያየ የሜጫ ሰው አይነካህም አለው። ብሩስ እንደ ተባለው አደረገ። ያ ፈረስ ከፊት እየቀደመ፣ ሰው የሚፈራው የሜጫ አገር በሰላም ታለፈ። ማኅተምና ደብዳቤ በማያስከብሩበት ቦታ ሰዉ የጌታውን ፈረስ በመልኩና በአረማመዱ ለይቶ ያውቅ ነበር ማለት ነው። እንዲህ ያለ ዕውቀት ዛሬ በየትኛው መንደር ይገኛል?

እምባቦና ክፉ ቀን፤ ከ1845 እስከ 1884

በዘመነ መሳፍንት የጎጃም ገዥዎች ጉልበት ፈረስ ነበር። ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ በኅዳር 1845 ጉር አምባ ላይ በካሳ ኃይሉ ተሸንፎ ሲወድቅ ጎጃም ለወደፊቱ ቴዎድሮስ መንገድ ለቀቀ። ካሳ አዲስ ፈረስ አላመጣም፤ ያመጣው አዲስ የጦር ሥርዓት ነው።

ሁለተኛው መሰበር እምባቦ ነው። ራስ አዳል በጥር 1873 ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብሎ የጎጃምና የከፋ ዘውድ ከጫነ በኋላ ዓይኑ ከዓባይ ማዶ ባለው ሀብት ላይ አረፈ። የሸዋው ምኒልክም እዚያው ያያል። በግንቦት መጨረሻ 1874 ሆሮ ጉድሩ እምባቦ ላይ ተገናኙ። ምኒልክን ያሸነፈለት ራስ ጎበና ዳጬ ያሰለፈው የኦሮሞ ፈረሰኛ ነበር። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቆስሎ ተማረከ። ፈረሰኛ ለአንድ ትልቅ የኢትዮጵያ ጦርነት ብይን የሰጠበት ከመጨረሻዎቹ ጊዜያት አንዱ ይህ ነው፤ የጎጃም ሰው ያን ቀን የተሸነፈው በነፍጥ ብዛት ሳይሆን ራሱ በሚያውቀው መሣሪያ ስለ ነበር ቁስሉ ረጅም ጊዜ ቆየ።

ከዚያ በኋላ መከራው ተደራረበ። በጥር 1880 ንጉሡ ሳር ውኃ ላይ በደርቡሽ ተሸነፈ። በ1881 አፄ ዮሐንስ ከምኒልክ ጋር አሢረሃል ብሎ ጎጃምን በጦር አስመዘበረ። በዚሁ ላይ የከብት እልቂት ደረሰ። በሽታውን ከባሕር ማዶ ያመጡት ጣሊያኖች ምጽዋ ላይ ያወረዷቸው ከብቶች እንደ ሆኑ ይታመናል። በሬው አለቀ፣ ማሳው ጦም አደረ፣ ሰዉም ረገፈ። ክፉ ቀን የተባለው ይህ ነው።

ያ በሽታ የሚገድለው ግን የቀንድ ከብትን ነው፤ ፈረስን አይነካም። በበሬ ብቻ ለሚያርስ አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በአገው ምድር ዛሬም ገበሬው ፈረስ ጠምዶ ያርሳል፤ ይህ ከሌላው ጎጃም የሚለይበት ሙያው ነው። በምሥራቅ ጎጃም ብዙ ሰው ፈረስ መጥመድን እንደ ነውር ሲቆጥረው የአገው ገበሬ ሞፈርና ቀንበሩን ለፈረስ አስተካክሎ፣ ብርዳማውንና ገብስ አብቃዩን መሬት ያለ በሬ አሳድሮታል። ጦርነት ፈረስን ሲተወው የተቀበለው ይህ ሙያ ነው።

ከአድዋ እስከ ነፃነት፤ ከ1888 እስከ 1933

የካቲት 23 ቀን 1888 ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጦሩን ይዞ አድዋ ላይ ነበር። ውጊያው በዋነኛነት የጠመንጃና የመድፍ ነበር፤ የጣሊያን ተራራ መድፎችም በበቅሎ ጀርባ ነው የደረሱት። ፈረሰኛው ሥራውን የሠራው የጠላት መስመር ከተሰበረ በኋላ ነው። ማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ውስጥ የተነጠለውን የጣሊያኑን ጄኔራል የዳቦርሚዳን ጦር ዙሪያውን ከበው ከመቱት መካከል የኦሮሞ ፈረሰኞች ይገኙበታል፤ ሽሽቱን ወደ እልቂት የለወጠው ግልቢያ ነው። ቀኑ የጊዮርጊስ በመሆኑ በነጭ ፈረስ የሚሣለው ሰማዕት ከድሉ ጋር በሕዝብ ልብ አብሮ ቀረ።

ከአርባ ዓመት በኋላ ጣሊያን ሲመለስ በአውሮፕላንና በመርዝ ጋዝ መጣ። ግንቦት 1928 ደብረ ማርቆስ ገባ። ፈረስ በአውሮፕላን ፊት ሊቆም አይችልም፤ በሸጥና በጫካ ግን አሁንም ይሠራ ነበር። በ1930 ጎጃም በአንድ ላይ ሲነሣ አርበኞቹ ከቢቸና እስከ ሞጣ፣ ከጮቄ እስከ ዓባይ ገደል የሚንቀሳቀሱት በእግርና በጋማ ከብት ነበር። በላይ ዘለቀ አባ ኮስትር ተብሎ የተዘፈነለት ያን ጊዜ ነው። ከቢቸና እስከ ጉንደ ወይን ያለው አገር ይህን ስም ዛሬም የሚያነሣው ከአባቱ ስም አስቀድሞ ነው።

ጣሊያኖችም የኢትዮጵያን ፈረስ አልናቁም። አሜዴዮ ጉዬ የተባለው መኮንን አማራ ፈረሰኞች ያሉበትን ባንዳ አደራጅቶ በጥር 1933 ኤርትራ ውስጥ ከሩ ላይ በእንግሊዝ ታንክና መድፍ ላይ በግልቢያ ተወረወረ። በዚያ ጦርነት ከታዩት የመጨረሻ የፈረሰኛ ግልቢያዎች አንዱ ነው። ከፈረሰኞቹና ከፈረሶቹ ብዙዎቹ እዚያው ወደቁ። የሞቱት ለማን እንደ ሆነ ሲታሰብ ያማል፤ ያሳዩት ጉብዝና ግን የዚህ ደጋ ጉብዝና ነበር።

በዚያው ወር አፄ ኃይለ ሥላሴ በኦሜድላ ድንበር ገቡ። አብሯቸው የገባው የእንግሊዛዊው መኮንን የዊንጌት ጦር ስንቁን የጫነው በሱዳን ግመል ነበር፤ ግመሉ የጎጃምን ዳገትና ብርድ ስላልቻለ በሺህ የሚቆጠር በየመንገዱ አለቀ። ከሺህ ዓመታት በፊት ፈረስን ደጋ ላይ ያስቀመጠው ተፈጥሮ ግመልን አልተቀበለም። መጋቢት 28 ቀን 1933 ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ።

ወረራው ሳያበቃ፣ በ1932፣ የአገው አባቶች የፈረሰኞች ማኅበር አቋቋሙ። ዓላማው የአድዋን ፈረሰኞች ማስታወስና የጊዮርጊስን ቀን ማክበር ነው። ጠላት አገር ይዞ ባለበት ወቅት የአድዋን ድል ለመዘከር ማኅበር መመሥረት ምን ያህል ድፍረት እንደ ጠየቀ መናገር አያስፈልግም።

ጋሪ፣ መሬትና ባጃጅ፤ ከ1933 እስከ 2000

ከነፃነት በኋላ ፈረስ ቀስ በቀስ ከመኳንንቱ ደጅ ወጣ። የአዲስ አበባና የደብረ ማርቆስ መንገድ የዓባይን ገደል ተሻግሮ ሲከፈት ባለሥልጣኑ መኪና ያዘ። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ደግሞ በአንድ ቀን ባላባትን ከባላገር ጋር እኩል አደረገ። ፈረስ በገብስ የሚቀልብ፣ ለፈረሱ ብቻ አሽከር የሚያቆም ቤት ከዚያ በኋላ አልኖረም።

ከተማው ግን ለፈረስ ሌላ ሥራ አገኘለት፤ ጋሪ። በደብረ ማርቆስ፣ በባሕር ዳር፣ በየወረዳው ከተማ ሰውና ዕቃ በጋሪ ተመላለሰ። ለፈረሱ መልካም ዘመን አልነበረም። አንገቱ በቀንበር፣ ጀርባው በገመድ ይላጣል። ኤፒዞቲክ ሊምፋንጃይቲስ የተባለው፣ በቆዳው ላይ ተከታታይ ቁስል እያወጣ የሚያመነምን የፈንገስ በሽታ ደግሞ በቁስል በኩል ይገባል፤ ደጋም ቆላም ባልሆኑ ከተሞች የጋሪ ፈረስን በእጅጉ ጎድቷል። የማይሠራ ፈረስ ቀለብ አያገኝምና ብዙዎቹ በመጨረሻ ዕድሜያቸው መንገድ ላይ ይጣላሉ። ይህን አይቶ ማለፍ ከለመድንባቸው ጭካኔዎች አንዱ ነው። ባጃጅ ሲመጣ ጋሪው ወደ ዳር ተገፋ።

ከ2000 ወዲህ

ኢትዮጵያ ዛሬ ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጋ ፈረስ አላት። ተመራማሪዎች ከ2000 ወዲህ ባደረጉት ጥናት የአገሪቱን ፈረሶች በስምንት ዓይነት ለይተዋቸዋል፤ ከእነዚህም የሰላሌ፣ የባሌ፣ የቦረና፣ የሆሮና የከፋ ፈረሶች ይገኙበታል። የሰሜኑ ደጋ ፈረስ የአቢሲኒያ በሚባለው ወገን ውስጥ ገብቷል። በምሥራቅ በቁንዱዶ ተራራ ላይ ያለ ባለቤት ሲኖር የቆየው የዱር ፈረስ ከስምንቱ አንዱ ነው፤ ጥናቱ ሲደርስለት የቀረው በጣት የሚቆጠር ነበር።

ከጣሊያን አንድ ምሳሌ ላንሣ። በፑልያ አውራጃ ሙርጄዜ የሚባል ጥቁር ፈረስ አለ፤ ድንጋያማ ኮረብታ ላይ ያደገ፣ ጠንካራ ኮቴ ያለው፣ በአንድ ወቅት ሊጠፋ ተቃርቦ የነበረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1926 ጥቂት ድንጉላና ጥቂት ደርዘን ባዝራ ተመርጠው የዘር መዝገብ ተከፈተላቸው፤ ዛሬ ያለው ዘር ከዚያ ይወርዳል። እዚያ የተሠራው አባትና እናትን መጻፍ ነው። የጎጃም ፈረስ አባትና እናት ግን የሚታወቁት በባለቤቱ ቃል ብቻ ነው፤ ፈረሱ ገበያ ወጥቶ እጅ ሲለውጥ ያ ቃል ይቀራል።

የአገው ፈረሰኞች ማኅበር አሁን ከ60 ሺህ በላይ አባላት አሉት። በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ በሺህ የሚቆጠር ፈረስ በቀይና በቢጫ ጥልፍ አጊጦ ሜዳውን ሲሞላው የሚታየው ውበት ዓለም ሊያየው የሚገባ ነው። አባላቱ በሠርግና በለቅሶ ይደጋገፋሉ፤ የተጣላ ያስታርቃሉ። ሆኖም የግጦሽ መሬቱ በሕዝብ ብዛትና በእርሻ ጠብቧል፤ በአገው ምድርም ለከሰል የሚተከለው ዛፍ ሰፊ ቦታ ይዟል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ የባዝራዋ ጉዳይ ነው። በቅሎ የምትወለደው ከባዝራና ከአህያ ነው፤ በገበያም ጥሩ በቅሎ ከጥሩ ፈረስ ትበልጣለች። ስለዚህ ገበሬው ደረቷ የሰፋውን፣ ቁመቷ የተሻለውን ባዝራ ለአህያ ያስጠቃታል፤ ሰጋር በቅሎ ትወልድለታለች። በቅሎዋ ግን መካን ናት። ለፈረስ ዘር የሚተርፉት ደከም ያሉት ባዝራዎች ናቸው። ከጮቄ ሥር ባሉት ወረዳዎች ገበሬው ምርጥ ባዝራውን ለድንጉላ እንዲያውል ከተፈለገ በበቅሎዋ ዋጋና በውርንጭላው ዋጋ መካከል ያለውን ልዩነት የሚሸፍንለት አካል ያስፈልገዋል፤ ያንን ደግሞ ማኅበሩ፣ የግብርና ቢሮውና የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ዛሬ ባላቸው አቅም አብረው ሊጀምሩት ይችላሉ።